የቺንጋው ክዳን

ክዳኑን የሠራው ምንይሉ ነው፤ የፈታውም እሱ ነው። ይህን በወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ከተጎዳችው ሴት በቀር ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ምንይሉ ራሱም ሳይናገር ስምንት ወር ቆየ።

ምንይሉ የጎጃም ሰው ነው። በወታደርነቱ ዘመን የመኪና ሞተር መፍታትና መግጠም ተምሮ፣ ደርግ ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ቀረ። አዲስ አበባ ገብቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ሸክም እየተሸከመ በረንዳ ላይ ሲያድር ከረመ። አንድ ቀን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አዲስ ወፍጮ ሊያስተክሉ ስለሆነ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ሽማግሌው እጁን ገልብጠው አዩና «ይህ የሠራተኛ እጅ ነው» ብለው ቀጠሩት። የዚያን ዕለት በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ አስይዘው ነው የሰደዱት። ይህን ውለታ ምንይሉ አልረሳም። ከዓመታት በኋላ ሽማግሌው ሞተው ከተማ የሚባለው ልጃቸው ወፍጮ ቤቱን ሲረከብ፣ ምንይሉ ከጉርምስናው ጀምሮ «አንተ» ሲለው የኖረውን ልጅ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ከተማ ግን ድሮ እንደለመደው «ጋሽ ምንይሉ» እያለ ያዝዘው ነበር።

ቤቱ ሦስት ወፍጮ ነበረው፤ አንዱ የሽሮ፣ ሁለቱ የበርበሬ። በርበሬ ሲፈጭ በደጅ የሚያልፈው ሰው እያስነጠሰ ነው የሚያልፈው። ውስጥ የሚውሉት ግን ማስነጠሱን ከተዉት ቆይተዋል፤ እነሱ የሚስሉት ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነው። የበርበሬው ትልቁ ወፍጮ የሚዞረው ከሞተሩ መዘውር ወደ ወፍጮው መዘውር በተወጠረ ሰፊ ቺንጋ ነበር። ቺንጋው የሰው መዳፍ ያህል ስፋት ያለው፣ በቁመት ከሰው ደረት የማይበልጥ፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሽከረከር የቆመ የሚመስል ነገር ነው። ለዓይን የማይንቀሳቀስ መምሰሉ ነው ክፋቱ።

ከወፍጮው ሥር የምትሠራው ሰገነት ነበረች። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ከሰላሌ መጥታ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች ከሚያራግፈው ከሶሬሳ ጋር ትዳር ይዛለች። ሥራዋ በርበሬውን ወደ ወፍጮው አፍ መገልበጥ፣ የተፈጨውን በጆንያ መቀበል፣ ከሥር የሚፈሰውን ደግሞ ጠርጋ ማንሳት ነው። «የሰው በርበሬ መሬት ላይ አይደር» የሚለው የሽማግሌው ሕግ እሳቸው ከሞቱም በኋላ አልተሻረም። ሞተር አጥፍቶ መጥረግ ግን ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ሰገነት የምትጠርገው ወፍጮው እየዞረ፣ ከቺንጋው ጎን አጎንብሳ ነበር። ከብናኙ የሚከላከልላት ነገር ማንም አልሰጣትም። ራሷ ባመጣችው አሮጌ ሻርፕ ከዓይኗ በታች ያለውን ፊቷን ሁሉ ጠምጥማ፣ ጫፉን ማጅራቷ ላይ ትቋጥራለች።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ወር ላይ፣ አንዲት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጣች። ሳምራዊት ትባላለች። ቀጭን፣ ወጣት፣ ድምፅዋ ከሞተሩ ጩኸት በላይ የማይወጣ ሴት ናት። ገና ከበሩ እያስነጠሰች ነው የገባችው። ወፍጮ ቤቱን ዞራ ዞራ አየችና ቺንጋው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ እንዲህ ራቁቱን ነው የሚሠራው?» አለችው ምንይሉን።

«ከተተከለ ጀምሮ እንዲሁ ነው እቱ።»

«ሰው ይዞ አያውቅም?»

«እግዚአብሔር ጠብቆናል።»

ሳምራዊት ይህን አልጻፈችም። የጻፈችው ሌላ ነው። ቺንጋው በብረት ክዳን እንዲሸፈን፣ ወደ ማጥፊያው የሚወስደው መንገድ ከጆንያ ነጻ እንዲሆን፣ ለሠራተኞቹ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲታደል አዝዛ፣ አንድ ወር ቀነ ገደብ ሰጥታ ከተማን አስፈረመች። ከተማ ያለ ክርክር ፈረመ። ቡና ልጋብዝሽ ቢላት «ገና አሥራ አንድ ቤት ይቀረኛል» ብላ ወጣች።

ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ የተፈጸመው የክዳኑ ብቻ ነው፤ እሱም ምንይሉ ስለያዘው ነው። ምንይሉ ያቺን ቺንጋ ለዓመታት ሲፈራት ኖሯል። ምናለሽ ተራ ወርዶ የብረት ዘንግና ጠንካራ የሽቦ መረብ አስመረጠ፣ በያጅ ዘንድ ቆሞ እየለካ አስበየደ፣ ከወለሉ ጋር በስምንት ብሎን የሚታሰር፣ ቺንጋውን ከነመዘውሮቹ ውጦ የሚይዝ ክዳን ሠራ። አረንጓዴ ቀለም ሲቀባው ሰገነት መጥረጊያዋን ተደግፋ ታየው ነበር።

«ጋሼ ምንይሉ፣ ለእኛም ቤት እንዲህ ያለ በር ይሥሩልን እንጂ» አለች። «የእኛን ድመት እንኳ ገፍታ ትገባለች።»

«ቀለሙ ይተርፈኛል፤ በሩን አምጪው።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትጠርግ እንደ በፊቱ ትከሻዋን አትሰበስብም ነበር። ከረቡዕና ዓርብ በቀር ምሳዋን የምትበላውም ክዳኑን ተደግፋ ሆነ።

ሁዳዴ ገብቶ እየገፋ ሲሄድ የበርበሬው ሥራ በረታ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የማይሠራ ቤት የለምና፣ በርበሬ ያላስፈጨች ሴት ሁሉ መርካቶ ናት። ቺንጋው ደግሞ አርጅቷል። ሥራ ሲበዛበት ይላላል፣ ይንሸራተታል፣ የጎማ ሽታ ያመጣል። በተንሸራተተ ቁጥር ሞተሩን ማጥፋት፣ ስምንቱን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ማንሳት፣ ቺንጋውን ማጥበቅ፣ ክዳኑን መልሶ ማሰር ግድ ነው። ምንይሉ አዲስ ቺንጋ እንዲገዛ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከተማ ሁለቱንም ጊዜ «ከፋሲካ በኋላ» አለው።

በሕማማት ሰኞ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱ ላይ ደረሰ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ውስጥ እየከመሩ በየተራው ይጨቃጨቃሉ። ቺንጋው ከምሳ በፊት ብቻ አራት ጊዜ ተንሸራተተ። በአራተኛው ከተማ ከቢሮው ወጣ፤ ምንይሉ ተንበርክኮ ሦስተኛውን ብሎን ሲፈታ አገኘው።

«ጋሽ ምንይሉ፣ አንሳው ይሄን ነገር። እስከ በዓሉ ይቀመጥ።»

«አቶ ከተማ፣ ልጅቷ ከሥሩ ትጠርጋለች።»

«አምስት ቀን ነው። ከዚህ በፊት ስንት ዓመት ያለ ክዳን ሠራችሁ?»

«ያቺ ተቆጣጣሪ ብትመጣስ?»

«በሕማማት ማን ይመጣል? ይልቅ ልጅቷን ንገራት፣ ትጠንቀቅ።»

ምንይሉ የብሎን ቁልፉን እንደያዘ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ሰልፈኞቹ «ኧረ ቶሎ በሉ! ልጆች ላይ ቤት ዘግተን ነው የመጣነው!» እያሉ ይጮኻሉ። የቀሩትን ብሎኖች ፈታ። ክዳኑን ከሽሮው ወፍጮ አጠገብ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ ሰገነትን ጠርቶ «የኔ ልጅ፣ ሻርፕሽን አጥብቀሽ ቋጥሪው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ክተቺው» አላት። እሷም እያየችው፣ ምንም ሳትጠይቅ ቋጠረችው።

የሆነው በጸሎተ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ምንይሉ ከላይ መወጣጫው ላይ ሆኖ የወፍጮውን አፍ በእንጨት እየጎረጎረ ነበር። ሰገነት ከታች ትጠርጋለች። ከጠዋት ጀምሮ በላብ የራሰው ሻርፕ ላልቶ ኖሯል። ስታጎነብስ ጫፉ ወረደ፤ ቺንጋው ጫፉን ያዘው። ጨርቁ ወደ መዘውሩ ሲስባት አንገቷን ለማዳን ቀኝ እጇን በሻርፑና በጉሮሮዋ መካከል አስገባች። ሻርፑ ተቀደደ። በጨርቁ የተጠለፈው እጇ ግን ከቺንጋው አልወጣም።

ምንይሉ የሰማው ጩኸት የሰልፈኞቹን ነው፤ የእሷን አልሰማም። ዘሎ ወርዶ ወደ ማጥፊያው ሮጠ። ማጥፊያው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው፤ በእሱና በማጥፊያው መካከል ደግሞ ደረት ድረስ የተከመረ ጆንያ አለ። በጆንያው ላይ በደረቱ እየተሳበ ወጣ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሞተሩን ሲያጠፋው ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ኋላ ብዙ ጊዜ ለመቁጠር ሞክሮ አልተሳካለትም።

ሰገነት አልሞተችም። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞቹ ቀኝ እጇን ከክርኗ በላይ ቆረጡት።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። ከተማ ጠዋት ምንይሉን ቤቱ ድረስ ሰው ልኮ አስጠራው። ሲደርስ ወለሉ ታጥቧል፤ ክዳኑ ከግድግዳው ተነሥቶ ቺንጋው አጠገብ ተቀምጧል። ከተማ ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ እንዳልተኛ ያስታውቃል።

«እሰረው» አለው።

ምንይሉ ክዳኑን አልነካም።

«ስማኝ ጋሽ ምንይሉ። እኔም ልጅቷ ታሳዝነኛለች። ግን ፖሊስ ማነው የፈታው ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ማንን ነው ያየው? ቁልፉን የያዘው ማነው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያዘዙኝ?»

«አዝዣለሁ የሚል ወረቀት አለህ?»

ድምፁ የቁጣ አልነበረም። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር፤ ምንይሉን የባሰ ያስፈራው ይኸው ነው። ሦስቱ ልጆቹ ታሰቡት። በሃምሳ ዓመት ዕድሜው፣ በቀድሞ ወታደርነቱ ላይ እስር ተጨምሮበት፣ ማን ሥራ እንደሚሰጠው አሰበ። ከጎን ከራጉኤል ደብር በድምፅ ማጉያው «ኪርያላይሶን» ሲባል ይሰማል፤ ሕዝቡ ይሰግዳል። ምንይሉም ጉልበቱን አጥፎ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ ከጣሳው ውስጥ ብሎኖቹን እያወጣ አንድ በአንድ አሰራቸው።

ሲጨርስ ከተማ አንድ የተተየበ ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱ ክዳኑ ሁልጊዜ ታስሮ እንደሚሠራበት፣ ሰገነት ግን ተደጋግሞ የተሰጣትን የጥንቃቄ መመሪያ ሆን ብላ ጥሳ፣ ራሷ ፈትታ እጇን እንዳስገባች ይናገራል። የሽሮው ወፍጮ ሠራተኛ ፈርሟል፤ ዘበኛውም ፈርሟል። ምንይሉ ሦስተኛ ፈረመ።

ሳምራዊት የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ወረቀቱን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ክዳኑ ሥር ቁጢጥ ብላ ብሎኖቹን በጣቷ ነካካች። ከተማ ስልክ ሊያነሳ ቢሮ ሲገባ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ስምንት ብሎን በምን ፈታችው?»

«ቁልፍ... ከሣጥኑ ወስዳ ይሆናል።»

«ወፍጮው እየሠራ፣ ሃምሳ ሰው እያየ፣ ተቀምጣ ስምንት ብሎን ፈታች?»

ምንይሉ ወለሉን አየ።

«ሆስፒታል ሄጄ አነጋግሬያታለሁ» አለች ሳምራዊት። «በሕማማት ሰኞ ጋሼ ምንይሉ ሲፈቱት አይቻለሁ ብላኛለች። ደግሞ ምን አለች መሰለዎት? ‹እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ታዝዘው ነው› አለችኝ። ጋሼ፣ ሕጉ ለተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ካሳ ይከፍላል ነው የሚለው። ሆን ብላ መመሪያ ጥሳ ነው ከተባለ ግን ምንም አታገኝም። ከእርስዎ አንድ ቃል ይበቃኛል። ታዝዤ ነው የፈታሁት ይበሉኝ።»

«እኔን ያስሩኛላ።»

«እኔ እመሰክርልዎታለሁ። እንደታዘዙ እጽፋለሁ።»

«አንቺ ስንት ቀን እዚህ ትኖሪያለሽ የኔ ልጅ?»

ሳምራዊት ስለ ብሎኖቹ መዝገቧ ላይ ጥቂት ጻፈች። ከተማ ከቢሮው ሲወጣ እሷም ብድግ አለች። ምንይሉን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። እሱ ፊቱን ወደ ወፍጮው አዞረ። ሳምራዊት መዝገቧን ዘግታ ሄደች፤ ወፍጮ ቤቱም ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ።

ክሱ ክረምቱን አልፎ መስከረም ላይ አለቀ። በአንድ ወገን የአንዲት የቀን ሠራተኛ ቃል፣ በሌላው ወገን የሦስት ሰው ፊርማ ነበር። ሰልፍ ላይ የነበሩትን ሴቶች ስም የያዘ ማንም አልነበረም። ሳምራዊት ብሎኖቹ በቅርብ የታሰሩ እንደሚመስሉ ብትጽፍም፣ መምሰል ማስረጃ አይሆንም ተባለ። ሰገነት ምንም ካሳ እንደማይገባት ተወሰነ።

ውሳኔው በተሰማ በሁለተኛው ቀን ሶሬሳ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ምንይሉን ጠበቀው። ሶሬሳ ትልቅ ሰው ነው፤ ኩንታል ድንች ተሸክሞ ሲጋራ የሚያጨስ። ሁልጊዜ «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ» ብሎ ነበር ሰላም የሚለው። ያን ቀን ሰላም አላለም።

«አንተ» አለው።

ምንይሉ ቆመ።

«አንተ ቤቴ በልተሃል። ሰገነት አምና ለመስቀል ጠርታህ በልተሃል።»

«በልቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አደረገችህ? ምን በደለችህ?»

«ምንም አልበደለችኝም ሶሬሳ።»

ሶሬሳ ሊመታው የመጣ ይመስል ነበር። ምንይሉም ቢመታው ደስ ባለው። ሶሬሳ ግን የገዛ እጆቹን አይቶ፣ እዚያው የድንጋይ አጥሩ ጥግ ተቀመጠና አለቀሰ። አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያያል። ምንይሉ አጠገቡ ሊቀመጥ ፈልጎ ሳይችል ቀርቶ ሄደ።

ያ ክዳን እስከ ጥቅምት ድረስ በቦታው ቆየ። አዲሱ በርበሬ ከገጠር መግባት ሲጀምር ከተማ እንደገና «አንሳው» አለ። አዲስ ቺንጋ አልተገዛም። በሰገነት ቦታ ሐጀራ የምትባል፣ የሁለት ልጆች እናት ተቀጥራ ነበር። ምንይሉ ፈታው። አሁን ለመከራከር የሚያበቃ አፍ እንደሌለው እሱም ከተማም ያውቁ ነበር። የዚያን ማታ ሚስቱ እራት አቅርባለት ሳይነካው አደረ። «ያመመህ ነገር አለ?» ብትለው «ብናኙ ነው» አላት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ምንይሉ ሽንኩርት ሊገዛ አትክልት ተራ ወረደ። ከጭነት መኪኖቹ ሥር፣ ጭቃው ላይ የወደቀ ቲማቲም የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። ከመካከላቸው አንዷ የቀሚሷን ጠርዝ በጥርሷ ይዛ በግራ እጇ እየለቀመች ትጨምራለች። ቀና ስትል ሰገነት ናት። ምንይሉ ሊሸሽ አሰበ፤ እሷ ግን ቀደመችው። ጨርቁን ከጥርሷ ለቀቀችው፤ ቲማቲሙ ተዘረገፈ።

«ጋሼ ምንይሉ፣ ደኅና ነዎት? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው» አለ ምንይሉ። «አንቺስ?»

«ይኸው አለሁ።»

ጎንበስ ብላ የተዘረገፈውን መልሳ መልቀም ጀመረች። ሊያግዛት አጎነበሰ። «ይተዉት፣ ልብስዎ ይበላሻል» አለችው።

ምንይሉ ሽንኩርቱን ሳይገዛ ከዚያው ቀጥ ብሎ ሳምራዊት ወደምትሠራበት ቢሮ ሄደ። ሳምራዊት የለችም። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራለች። በቦታዋ ያገኘው መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ወንበር ስቦለት አስቀመጠውና ያለውን ሁሉ ሰማው። ምንይሉ አንድም ነገር አልደበቀም፤ ስለ ሰኞው፣ ስለ ስቅለቱ፣ ስለ ፊርማው ሁሉንም ነገረው። አሁንም ክዳኑ እንደተፈታ መሆኑን ነገረው።

ሰውየው ፋይሉን አስፈልጎ አወጣና ገለጠው። ቆይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«አባቴ፣ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አልፏል።»

«እኔ እኮ ነኝ የዋሸሁት። የዋሸው ሰው ራሱ መጥቶ ሲናገር እንዴት ጊዜው አለፈ ይባላል?»

«ገብቶኛል። ግን ይህ የተዘጋ ፋይል ነው። ሌላም ነገር አለ። ያኔ የሰጡት ቃል ሐሰት ነው ካሉ እርስዎ ራስዎ ይጠየቁበታል።»

«ልጠየቅ!»

ሰውየው በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። የምንይሉን ቃል በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ አስፈረመውና «ከፋይሉ ጋር ይያያዛል» አለው። ስለ ክዳኑም ተቆጣጣሪ እንደሚላክ ቃል ገባለት፤ መቼ እንደሆነ ግን አላወቀም። ለመላው አካባቢ የቀሩት ተቆጣጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ወልዳ ተኝታለች።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ አይታወቅም፤ በሦስተኛው ቀን ከተማ ምንይሉን ቢሮው ጠራው። አልጮኸም። «አባቴ በዳቦ የተቀበሉህን ቤት በድንጋይ መለስክላቸው» አለው። ምንይሉ «ሽሮ ነው የሰጡኝ» ሊል ፈልጎ ተወው። ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ ወጣ። ማንም ሊጠይቀው፣ ማንም ሊያስረው አልመጣም። ያን ሁሉ ወር የፈራው እስር የሚፈልገው ሰው እንኳ ያልነበረው ነገር ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ማለዳ የሆነውን ሊነግራቸው ወደ ሰገነትና ሶሬሳ ቤት ሄደ። ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤት «አትክልት ተራ ናቸው፣ ዛሬ አገራቸው መግባታቸው ነው» አለችው። ሮጦ ደረሰ። ሽንኩርት አራግፎ ወደ ሶሬሳ አገር ወደ ግንጪ በባዶው በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ሶሬሳ ፍራሻቸውን፣ አንድ ሣጥንና ሁለት ጀሪካን እየጫነ ነበር። ሰገነት ጋቢናው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

ምንይሉ የሣጥኑን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሶሬሳ አየው፤ አልከለከለውም። አብረው ጫኑት።

«ተናግሬያለሁ» አለ ምንይሉ እያለከለከ። «ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ተናግሬያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ጊዜው አልፏል አሉ።»

ሶሬሳ ገመዱን ስቦ አጠበቀው። «አልፏል፣ አዎ» አለ። «እኔ እዚህ ብቻዬን ተሸክሜ የቤት ኪራይ አልቻልኩም። እዚያ ወንድሜ ትንሽ መሬት አለው። እሷ ግን ምን ትሠራለች? አረም እንኳ በሁለት እጅ ነው።» ይህን ያለው ሰገነት እንዳትሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ምንይሉ ወደ ጋቢናው መስኮት ሄደ። በመንገዱ ላይ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ሰገነት፣ ይቅር በይኝ።»

ሰገነት ከፊት ለፊቷ የሽንኩርት ኬሻ ተሸክመው የሚያልፉትን ሰዎች ታያለች።

«በእኔ ቦታ ሴት ገብታለች አሉ» አለች በመጨረሻ።

«ገብታለች። ሐጀራ ትባላለች።»

«ክዳኑ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔን ይተዉኝና ለእሷ ይንገሯት። ሻርፑን ትታ ጫፍ የሌለው የተሰፋ ነገር ታድርግ ይበሏት። እኔን ሲያስጠነቅቁኝ እኮ ጫፉን ወደ ውስጥ ክተቺው አሉኝ እንጂ፣ ምን እንደሚያደርግ አልነገሩኝም።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሶሬሳ ከላይ ዕቃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ይቅር ብዬዎታለሁም፣ አልልዎትምም ሳትለው መኪናው በጭቃው ውስጥ እየተናጠ ወጣ።

ምንይሉ ከዚያው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። ዘበኛው «አታስገባ ተብያለሁ ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለው። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጠበቀ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጀራ ፊቷ በርበሬ ለብሶ፣ ሻርፕዋን እየፈታች ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ምንይሉ ተከትሎ ደረሰባት። የሆነውን ሁሉ ሳይሸፍን ነገራት፤ የሰገነት ሻርፕ እንዴት እንደተያዘ፣ እጅዋ እንዴት እንደገባ፣ እሱ በጆንያው ላይ እየተሳበ ሲሄድ ምን እንደሰማ። ሐጀራ ዳቦውን ደረቷ ላይ አስጠግታ አዳመጠችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አልሰማሁም ነበር» አለች። «ተቃጥላ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ክዳኑ ካልታሰረ ከሥሩ አልጠርግም በያቸው።»

«እንደዚያ ብል ነገ ሌላ ሴት ትጠርጋለች።»

«እንግዲያው ቢያንስ ሻርፑን ተይው፤ ጫፍ የሌለው የተሰፋ ነገር አድርጊ።»

«እስኪሰፋልኝስ ብናኙን በምን ልቻለው ጋሼ? በመጀመሪያው ሳምንት ደም ነበር የምተፋው። አሁን ነው በእሱ የቆመልኝ።» ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፤ ዘበኛው በእጁ ይጠራታል። «አብረን ስንነጋገር አይተውናል። እባክዎ ሌላ ቀን እዚህ አይምጡብኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ።»

መንገዱን ሮጣ ተሻገረች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ዳቦዋን በብብቷ ያዘችና ሻርፑን እንደገና ፊቷ ላይ ጠመጠመችው፤ አጥብቃ ቋጠረችው፤ ጫፉን በጣቷ እየገፋች ወደ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ገባች። ምንይሉ ከማዶ ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ ሰማ።